ውሃው ዝም ያለ ቀን

በቅርቡ ኩላሊቴን አሞኝ እዚህ ሜልበርን፣ ሰንሻይን ሰፈር አንድ ክሊኒክ አልትራሳውንድ ቡክ አደረግሁ። ሸሚዜን ወደ ላይ ሰብስቤ በጎኔ ተኛሁ። የምታየኝ ሴት «ትንሽ ይቀዘቅዝሃል» ብላ ጄሉን ጎኔ ላይ ጨመቀችው። ቀዘቀዘኝ። ከዚያ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ ደነገጠች። «አመመህ?» አለችኝ። አላመመኝም። ምን ብዬ ልንገራት? ይህን ጄል አውቀዋለሁ፣ እህቴ ስትሠራበት አይቻለሁ ልበላት? «እህቴ ሞታብኝ ነው፣ ገና ነው» አልኳት። ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝና ወደ ስክሪኗ ዞረች።

እህቴ ዘሀራ ትባላለች። ትባል ነበር ልበል፣ ገና አልለመድኩትም። እኔ እታለም ነበር የምላት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አረፈች፣ አላህ ይዘንላት። እኔ የተማርኩት እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መጻፍም ብዙ አልችልበትም። ግን የቀብሯ ቀን ሰው ሁሉ ስለ ደግነቷ፣ ስለ እጇ ሙያ፣ ስለ ልጆቿ አስተዳደግ ሲናገር ዋለ። ስለ ሥራዋ ግን አንድም ሰው ምንም አላለም። ምን ይበሉ? አያውቁትማ። እኔ ትንሽ አውቃለሁ። አንድ ቀን ቆሜ አይቻለሁ። እሱ ሳይነገር እንዳይቀር ብዬ ነው።

ያኔ ሰንሻይን አሁን እንዳለችው አልነበረችም። ጣቢያው ዝቅ ያለና አሮጌ ነበር፤ ሐዲዱን መኪናም እግረኛም በአንድነት ነበር የሚሻገሩት፤ ደወሉ ሲጮህ ሁሉም ቆሞ ባቡሩ እስኪያልፍ ይጠብቃል። እኔና እታለም ከጣቢያው ጀርባ ከቀይ ጡብ በተሠራ ፍላት ውስጥ እንኖር ነበር። ምንጣፉ ቡናማ ነው፣ ምን እንደፈሰሰበት አይታወቅም። የጋዝ ማሞቂያው ሲለኮስ ዱብ ይላል። ቤንዚን ሊትሩ ከአንድ ዶላር በታች ነበር፤ ጥግ ላይ ያለችው የቬትናም ዳቦ ቤት በሳንቲም የምትሸጠው ረጅም ዳቦ ነበራት፣ ቅርፊቱ ሲነከስ ጉሮሮ ይጭራል፣ ግን ትኩስ ነው። የባቡሩ ቲኬት ማሽኑ ውጦ የሚተፋት ትንሽ ካርቶን ነበረች። ደሴ ለመደወል በሳንቲም የሚፋቅ ካርድ እንገዛለን፤ ወሬው ሲጥም ድምፅዋ በካርዱ የተቀዳ ሴትዮ «አንድ ደቂቃ ቀርቷችኋል» ብላ ትገባለች። እናታችን ሴትዮዋን አብራን የምትኖር ሰው እየመሰለቻት «ለሷም ሰላም በሉልኝ» ትለን ነበር። ወንዶቹ ሁላችን ሰፊ ጂንስ ነው የምንለብሰው፣ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። እታለም ደግሞ ረጅም የጂንስ ጉርድ፣ ቡናማ ሻሽ፣ ከሥሩ የወንድ የሚመስል ማሰሪያ ያለው ጥቁር ጫማ። ላብራቶሪ ክፍት ጫማ አያስገባም። በዚያ ጫማ ሠርግ ሁሉ ሄዳለች። አሁን እኔ የምኖረው ታርኔት ነው፤ ያኔ እሾህና በግ ብቻ የነበረበት ሜዳ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዚያ ሜዳ ለመውጣት በመኪና ሰልፍ እቆማለሁ። ልጄን «አክስትሽ እዚህ አገር ስትመጣ ይሄ ሁሉ ባዶ ነበር» ስላት «ኦኬ ዳድ» ትለኛለች፣ አይኗ ስልኳ ላይ ነው።

እታለም የመጣችው ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ሰጥቷት ነው፤ ለዶክትሬት። እኔ በኋላ ነው የተከተልኳት። አባታችን ገና አውሮፕላን ስትሳፈር ጀምሮ ደሴ ላይ «ዶክተሯ ልጄ» እያለ ስለሚያወራ፣ እዚህ ያለው የወሎ ሰው ሁሉ ዶክተር ዘሀራ ነበር የሚላት። ታክሲ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጋሼ ሙሄ። እሁድ እሁድ ሰው ቤት ስንሰበሰብ ገና ከበር ስትገባ ሱሪያቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ።

«ዶክተር፣ ነይ እስኪ ጉልበቴን እዪልኝ።»

«ጋሼ ሙሄ፣ አንቱ ደግሞ! ገና ዶክተር አልሆንኩም። ብሆንም የሰው አይደለሁም።»

«የምን ነሽ ታዲያ?»

«የብርሃን።»

«ብርሃን ደግሞ ምን ያመዋል?» ይላሉ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሷም ትስቃለች። ግን ገና አልሆንኩም ያለችውን ማንም አይሰማም ነበር። ዕድሜ ልኳን ያልሆነችውን ሆንኩ ብላ የማታውቅ ሰው፣ ሳትሆን መጠራቱ ይከብዳት ነበር። ቤት ስንገባ «ሰይድ፣ ይሄን ነገር ሳልጨርስ ብመለስ አባባ ምን ይሆናል?» ትለኝ ነበር።

ሥራዋን ያስረዳችኝ ፍላታችን በር ላይ ነው። የጎረቤታችን ጥቁር መኪና ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ጎኑ የኔ ነጭ መኪና አለ። «እጅህን እዚህ አድርግ» አለችኝ። ጥቁሩ አቃጠለኝ። «አየህ፣ ብርሃኑን ዋጠው፤ መልሶ ሙቀት አደረገው። አንዳንድ ነገር ግን የዋጠውን ሁሉ በሙቀት አይመልስም። ከፊሉን ለራሱ ይይዝና ቅርጹን ይቀይርበታል። እኔ ያንን የያዘውን ነው የምለካው።»

«በምን? በቴርሞሜትር?»

«ቴርሞሜትር አይደርስበትም፤ በጣም ትንሽ ነው፣ በጣም ፈጣን ነው። በድምፅ ነው።»

ቀለደችብኝ ብዬ አየኋት። የምሯን ነው። በጣም አጭር የሌዘር ብርሃን፣ ከብልጭታም ያጠረ፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር ሲመታው ውሃው ድንገት ይሞቃል። የሞቀ ውሃ ያብጣል። ድንገት ሲያብጥ ጎኑን ይገፋል፤ ያ ግፊት ድምፅ ነው፣ ጆሯችን አይሰማውም፣ ውሃው ያለበት ዕቃ ጎን የተለጠፈ ማይክሮፎን ግን ይሰማዋል።

«ብርሃን ድምፅ አለው በይኛ!»

«ብርሃን ዝም ያለ ነው። የነካው ነገር ነው የሚጮኸው» አለችኝ።

አንድ የማመሳከሪያ ቀለም ነበራት፤ የተሰጠውን ብርሃን በሙሉ በሙቀት የሚመልስ። የሱን ድምፅ ትወስዳለች፣ ከዚያ የራሷን ፈሳሽ ድምፅ ትወስዳለች፣ ታመዛዝናለች። የራሷ ካነሰ፣ ያነሰው ያህል እሱ ዘንድ ቀርቷል ማለት ነው። ግን ሁለቱ እኩል ብርሃን መዋጥ አለባቸው። ለዚህ ብላ በጠብታ እየጨመረች፣ እየቀነሰች፣ እየለካች ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውል ነበር። እኔ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነው የምነዳው፤ ዕቃ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ቢል ማንም አይሞትም። የሷ ትዕግስት ያስገርመኝ ነበር። አሁንም ያስገርመኛል።

ችግሩ የመጣው የራሷ ፈሳሽ ከማመሳከሪያው ጋር እኩል ሲጮህ ነው። አላነሰም። ፕሮፌሰሩ፣ ቀጭንና ረጅም፣ ሁልጊዜ አንድ ሹራብ የሚለብስ ሰው ነው፣ «የያዘው ነገር የለም፤ ሁሉንም በሙቀት መልሷል» አላት። የእሷ ዋና ምዕራፍ ደግሞ ይይዛል የሚል ነው። ያ ምዕራፍ ከወጣ ዶክትሬቱ አይሞላም፤ ማስተርስ ይዛ መመለስ ነው። ስኮላርሺፑም አልቋል። ሌዘሩም ከዚያ ሳምንት በኋላ ለሌላ ተማሪ ተሰጥቷል። በዚያ ሳምንት ካላሳየች አበቃ።

እሷ ግን እኩል የጮኸው ሁለት ነገር ተደርቦ ነው ትል ነበር። ሞለኪውሉ ብርሃኑን ይዞ ቅርጹን ሲቀይር እሱ ራሱ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ውሃውን ይገፋል። የሙቀቱ ድምፅ አንሷል፣ የመስፋቱ ድምፅ ተጨምሮበት ጉድለቱን ሸፍኖታል። «እንዴት ትለያቸዋለሽ?» አልኳት። እንዲህ ስታስረዳኝ ፊቷ ይበራ ነበር፦ ውሃ በጣም ሲቀዘቅዝ፣ ወደ በረዶ ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው፣ ትንሽ ብታሞቀው የማያብጥበት አንድ ቦታ አለው። እዚያ ላይ ሙቀት ድምፅ የለውም። ማመሳከሪያው ዝም ማለት አለበት። የእሷም የሚሰጠው ሙቀት ብቻ ከሆነ አብሮ ዝም ይላል። ዝም ካላለ ግን፣ የቀረው ድምፅ የሞለኪውሉ የራሱ ነው።

የመጨረሻዋ ቀን ሜልበርን እንደ ምጣድ ጋለች። የሰሜኑ ነፋስ ከበረሃ የሚያመጣው ዓይነት ሙቀት፣ ሰማዩ ቢጫ የሚሆንበት። ሐዲዱ በሙቀት ተጣሞ ባቡር ተሰረዘ። እኔ ሺፍት አልነበረኝም፣ በመኪና ወሰድኳት። ኤሲ የለውም፣ መሪው አይያዝም፤ በሻሽ ጠቅልዬ ነው የነዳሁት። እሷ ጎኔ ተቀምጣ አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን ሒሳብ አላውቅም።

«እታለም፣ ገብቼ ልየው?»

«ፕሮፌሰሩን እጠይቅልሃለሁ። ግን ምንም አትንካ፣ አትደገፍ፣ አትጠይቅ።»

«ልተንፍስ?»

«ቀስ እያልክ» አለችኝ።

ፕሮፌሰሩን በስሙ ነበር የምትጠራው፤ እኔ ያን ስሰማ አፈርኩ፣ እነሱ ግን እንደዚያ ናቸው። ፈቀደልኝ። ወፍራም የፕላስቲክ መነጽር ሰጡኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ በጥቁር መጋረጃ የተዘጋ። እታለም የሻሿን ጫፍ ሁሉ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው፣ በሌዘሩ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ። ፈሳሹ ያለባት የመስታወት ዕቃ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም፣ አራት ማዕዘን ናት። ማይክሮፎኑን በዕቃዋ ጎን ላይ ከመግጠሟ በፊት ያንን ጄል ቀባችው። ቀስ አድርጋ ተጫነችው፣ አዞረችው፣ እንደገና ተጫነችው። «መሀላቸው ትንሽ አየር ከቀረ ድምፁ እዚያው ይሞታል» አለችኝ። ወዳጅን ወዳጅ ጎን እንደማስቀመጥ ነበር አያያዟ።

ማቀዝቀዣውን አወረደች። ውሃዋ ትንሽ ጨው ስላለበት ዝም የሚልበት ቦታ መጽሐፍ ላይ ካለው ዝቅ ይላል፤ ቀስ እያለች ፈለገችው። ስክሪኑ ላይ ድምፅ የሚታየው በመስመር ላይ እንደ ጉብታ ነው፤ የማመሳከሪያው ጉብታ አነሰ፣ አነሰ፣ አነሰ። ግን አልጠፋም። አንዲት ሹል ነገር ቀረች። ቀዝቀዝ አደረገችው፣ ሹሏ አልጠፋችም። ሞቅ አደረገችው፣ አሁንም አልጠፋችም። ፕሮፌሰሩ ገብቶ ቆሞ አየ። «ዘሀራ፣ ዝም ማለት ያለበት ዝም ካላለ ሌላውን እንዴት እናምነዋለን?» አላት። በክፋት አይደለም። እንዲያውም አዝኖ ነው።

«እስከ ማታ ስጠኝ» አለችው።

ሰዓቱን አይቶ ወጣ።

እሷ ኮሪደር ወጥታ ነጭ ካፖርቷን አንጥፋ ዙህር ሰገደች። ስትመለስ መሣሪያውን አልነካችም። ወንበር ሳበችና ስክሪኑን ብቻ ታየው ጀመር። ብዙ ቆየች። እኔ አለቀ ብዬ ለአባባ የሚነገረውን በሆዴ ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ። ድንገት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች።

«ሰይድ፣ ይሄ ድምፅ መቼ ነው የደረሰው?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ?»

«ብርሃኑ የተለቀቀው እዚህ ጋ ነው። ከፈሳሹ የሚነሳ ድምፅ ማይክሮፎኑ ጋ ለመድረስ ውሃውን ማቋረጥ አለበት፤ ጊዜ ይወስድበታል። ይሄ ግን ብርሃኑ እንደተለቀቀ ነው ያለው። መንገዱን ሳይሄድ ደረሰ።»

«እና?»

«እና ከውሃው አይደለም! ብርሃኑ ራሱ ማይክሮፎኑን እየመታው ነው።» ሌዘሩን ዘጋች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ በትንሽ ባትሪ ዕቃዋን አየቻት። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቀዘቀዘችው ዕቃ አላበች፤ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ጤዛ ለብሳለች። የሕንጻው ኤሲ በዚያ ሙቀት ደክሞ አየሩ ታፍኗል፤ ጤዛው ብርሃኑን በየአቅጣጫው እየበተነው ነው። ያን ሁሉ ወር ትክክለኛ ጠብታ ስትቆጥር የኖረች ሰው፣ መስታወቱ ላይ ያለውን ጠብታ አላየችውም። ጥቁር መጋረጃ ውስጥ ማን ያያል?

ከሲሊንደር ደረቅ ጋዝ የሚያመጣ ቀጭን ቱቦ ዘርግታ በዕቃዋ ፊት እንዲነፍስ አደረገች። የማይክሮፎኑን ፊት በጥቁር ቴፕ ከለለችው። አዲስ ጄል ቀባች። ፕሮፌሰሩን ጠራችው። እኔ ግን ጤዛው ከኔ ትንፋሽ የመጣ መስሎኝ ነበር። ማንም አላለኝም፣ እኔው ነኝ። ስለዚህ ጥጌ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ያዝኩ።

ማመሳከሪያውን አስገባች። ሌዘሩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ተዘረጋ፤ እንደ ታርኔት ሜዳ ልሙጥ። ምንም። ፕሮፌሰሩ ወደፊት ተጠጋ። እሷ ማመሳከሪያውን አውጥታ የራሷን አስገባች። ሌላ ምንም አልቀየረችም። ጠቅ፣ ጠቅ። መጀመሪያ ልሙጥ ነበር። ከዚያ፣ ድምፅ ውሃውን አቋርጦ የሚደርስበት ጊዜ ሲሞላ፣ ልክ በቦታዋ፣ አንዲት ጉብታ ተነሳች። ትንሽ ናት። ግን አለች።

አልጮኸችም። «መልሼ ላሳይህ» አለችው። ማመሳከሪያውን መለሰች፤ ዝም። የራሷን መለሰች፤ ተነሳች። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አውልቆ አይኑን አሸ። «ምዕራፉ ይቆያል» አለ።

ያኔ ነው ዞር ብላ ያየችኝ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ጆሮዬ ይጮሃል፣ አይኔ ፊት ነጠብጣብ ይሄዳል።

«ያ ረቢ! ሰይድ፣ ምን ሆነሃል? ተንፍስ!» አለችኝ። «አንተ ሞኝ፣ ተንፍስ እንጂ!»

ተነፈስኩ። ስቃ ስቃ ግድግዳ ተደገፈች፤ ፕሮፌሰሩም ሳይገባው ሳቀ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሒሳብ ነው፤ የመስፋቱን ድምፅ በፊት ከለካችው ድምፅ ላይ ስትቀንሰው የሙቀቱ ብቻ ቀረ፣ ከማመሳከሪያውም አነሰ፣ ያነሰውም ያ ነገር የያዘው ነው። እንዳለችው።

ዶክትሬቱን ተቀበለች። እሁድ ጋሼ ሙሄ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። «አሁንስ ሆነሻል፣ ታዪልኛለሽ?»

«አሁንማ ሆንኩ ጋሼ። ጉልበትዎ ላይ ሌዘር ለቅቄ ድምፁን እሰማልዎታለሁ።»

«ድምፁንማ እኔም እሰማዋለሁ፣ ስነሳ ቀጭ ይላል!» አሉ። ያን ቀን «አልሆንኩም» ሳትል ስትስቅ ሳያት ያለፈላት ያህል ተሰማኝ። አባባም በስልክ «እኔስ ድሮም ብዬ ነበር» አለ፤ የካርዷ ሴትዮ አቋረጠችው።

በኋላ አገባች፣ ክሬጊበርን ቤት ገዛች፣ ወለደች፣ ትልልቅ ሥራ ሠራች። እኔ ስለዚያ ሁሉ መናገር አልችልም፣ አላየሁትም። ያቺን አንዲት ጉብታ ግን አይቻለሁ። ሁሉም ነገር በቃ ተይው በሚልበት ቀን ቁጭ ብላ፣ አንዲት ሹል መስመር የደረሰችበትን ሰዓት ጠይቃ፣ እውነቱን ያወጣች እህት ነበረችኝ። ይሄን ልጆቿ ይወቁት። ልጄም ትወቀው።

ክሊኒኩ ውስጥ ሴትዮዋ ማሽኑን ጎኔ ላይ ጫን አድርጋ ቀስ እያለች አዞረችው፤ ልክ እንደ እታለም፣ አየር እንዳይቀር። «ትንፋሽህን ያዝልኝ» አለችኝ። ያዝኩ። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ ስክሪኑ ብቻ ይበራል። ሥዕሉን ያዘች፣ ጨረሰች፣ እጇን አነሳች። እኔ ግን እንደያዝኩ ነኝ። የምጠብቀው ሌላ ድምፅ ነበር። ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ።

«ጨርሰናል» አለችኝ ቀስ ብላ። «አሁን ተንፍስ።»